ዱካ ለቃሚው ሱቅ

«ደንበኛህን እወቅ!» የሚል መፈክር ሰሞኑን በየሥልጠና አዳራሹ እንደ ጸሎት ይደገማል። ሲሰሙት ደግ ነገር ነው። ደንበኛውን ማወቅ የሚጠላ ነጋዴ ከየት ይመጣል? ነገር ግን አሠልጣኞቹ «እወቅ» ሲሉ «ቅረበው፣ አነጋግረው፣ ምን እንደጎደለው ጠይቀው» ማለታቸው አይደለም። «ሳያይህ እየው» ማለታቸው ነው። በኢንተርኔት ሱቅ ትከፍታለህ፤ ሰው ብቅ ሲል ከየት እንደመጣ፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደገባ፣ የትኛው ዕቃ ላይ ስንት ሰኮንድ እንደቆየ፣ የቱን ነክቶ የቱን እንደተወ ትመዘግባለህ፤ ከዚያም በመዘገብከው ልክ ለእያንዳንዱ የራሱን ማባበያ ትሰፋለታለህ። ይህንንም «ለደንበኛ ማሰብ» ብለው ስም አውጥተውለታል። እኔን የሚያንገበግበኝ አድራጎቱ ብቻ ሳይሆን ይኸው ስሙ ነው።

አስቀድሜ ግን ኃጢአቴን ልናዘዝ። እኔም ከመፈክሩ አሰሚዎች አንዱ ነበርኩ። በብዕሩ ለማደር የሚፍጨረጨር ሰው የተገኘውን ይሠራል፤ መጽሔት የሚከፍለው ደግሞ የቤት ኪራይ አይሸፍንም። ከሁለት ዓመት በፊት ቡና፣ ጀበና፣ ቀሚስና ነጠላ በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሚሸጥ አንድ የኢንተርኔት ሱቅ የማስታወቂያ ጽሑፍ እንድጽፍለት ቀጠረኝ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ከሌሎቹ የከፋ አልነበረም። ባለቤቱ ወጣት፣ ትሑት፣ ሠራተኛውን ምሳ የሚጋብዝ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረና «ና ጉድ ላሳይህ» አለኝ።

በእርግጥም ጉድ ነበር። በዚያች ደቂቃ ሱቁን የሚጎበኙ ሰዎች በካርታ ላይ እንደ ከዋክብት ብልጭ ድርግም ይላሉ። አንዱ ዋሽንግተን አጠገብ፣ አንዱ ስቶክሆልም፣ አንዱ ዱባይ። አንዱን ኮከብ ሲጫነው የዚያ ሰው ጉብኝት እንደ ፊልም ተጠንጥኖ ይታያል። ጣቱ ገጹን ወደ ታች ሲስበው፣ ዋጋው ላይ ሲደርስ ሲቆም፣ ወደ ላይ ተመልሶ ሥዕሉን ሲያሰፋ፣ እንደገና ዋጋው ላይ ሲመጣ፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ሲወጣ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ውድ እንዳይመስላችሁ። ማይክሮሶፍት ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ክላሪቲ» በሚል ስም ለፈለገ ሁሉ በነፃ ያድለዋል። ሰው ዋጋ አይቶ ሲያመነታ በስርቆሽ መመልከት እንደ ፊልም ይጥማል፤ አልዋሽም፣ እኔም ተመስጬ ነበር። ኋላ ነው ያመመኝ።

የእኔ ሥራ ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ዕቃ መርጦ ዘንቢሉ ውስጥ ከጨመረ በኋላ ሳይከፍል ለሚሄድ ሰው ኢሜይል መጻፍ። ሦስት ደብዳቤ አዘጋጀሁ። የመጀመሪያው «ዘንቢልሽን ረስተሽው ሄድሽ እኮ!» ይላል። ሁለተኛው «የመረጥሽው አሁንም እየጠበቀሽ ነው»። ሦስተኛው «ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ 15 በመቶ ቀንሰንልሻል»። በባዶው ቦታ ላይ ማሽኑ የሰውየውን ስም፣ የዕቃውን ስምና ሥዕሉን ይከተዋል። በጾታ እንኳ ይለያል። ደብዳቤዎቹን እያንዳንዱን በግማሽ ሰዓት ጻፍኳቸው፤ ማሽኑም እየቀያየረ ይልካቸው ጀመር።

አንድ ቀን ለሦስተኛው ደብዳቤ መልስ መጣ። «እናቴ ገና አልሞተችም። እባካችሁ ተዉኝ» ይላል።

ሴትዮዋ ቀደም ሲል ቡና የገዛችን ደንበኛ ናት። እናቷ ጅማ ታማ ተኝታለች። ወደ አገር ቤት ለመብረር ሻንጣዋን ስታዘጋጅ፣ ከሌሊቱ በስንት ሰዓት እንደሆነ ማሽኑ ያውቀዋል፣ ድንገት አንድ ነገር ከሆነ ብላ ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ ዘንቢሉ ውስጥ ጨመረች። ወዲያው ራሷን አፈረች። በሕይወት ላለች እናቷ የሐዘን ልብስ ልትገዛ! ገጹን ዘጋችው። እሷ ስትዘጋው ግን ሱቁ አልዘጋም። በማግስቱ «ነጠላሽን ረስተሽው ሄድሽ እኮ!» አልናት። በሦስተኛው ቀን «አሁንም እየጠበቀሽ ነው» አልናት። ከዚያ ወዲያ ፌስቡክ ስትከፍት ጥቁር ጥለት፣ ዜና ስታነብ ጥቁር ጥለት፣ የምግብ አሠራር ስትፈልግ ጥቁር ጥለት ሆነ። በአምስተኛው ቀን ቅናሽ አደረግንላት።

እንግዲህ መርዶ ባገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ወሬው የደረሰው ሰው አፉን ይዞ ይውላል። ሽማግሌ ይፈለጋል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ልብ ድካም ካለበት አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ይሄዱና በር ያንኳኳሉ። እህል ቀምሶ እንደሆነ እንኳ የሚጠይቁ አሉ። ይህ ሁሉ ልማድ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሰው የምታውቀውን ነገር መቼ፣ በማን አፍ፣ በማን ፊት እንደምትናገረው ማወቅ ስላለብህ ነው። የእኔ ማሽን ስለዚያች ሴት ከጎረቤቶቿ ይበልጥ ያውቅ ነበር፤ የልቧን ፍርሃት በሰኮንድ ለክቶታል። ያወቀውን ምን እንደሚያደርገው ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልሶ መሸጥ።

ለባለቤቱ ደብዳቤውን ሳሳየው ከልቡ ደነገጠ። «ሲስተሙ ነው የላከው» አለኝ። እውነት ነው። ግን ቃላቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «እየጠበቀሽ ነው» የምትለዋን በተለይ ጥሩ አድርጌ እንደጻፍኳት ቆጥሬ ነበር።

አሠልጣኞቹ ለዚህ ሁሉ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። «ምን አዲስ ነገር አለው? የሰፈርህ ባለሱቅስ አያውቅህም? ስትገባ የምትገዛውን ሲጋራ አንሥቶ አያቀብልህም?» ይላሉ። ይህ ክርክር ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ቆም ብዬ ላየው እወዳለሁ።

ከጅማ ሃያ ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ የቡ የምትባል የማና ወረዳ ከተማ አለች፤ የቡና ከተማ ናት። በዚያ በቡና አገር ሱቅ ማለት ዱቤ ማለት ነው። ገንዘብ የሚታየው ቡና ሲለቀም ነው፤ ስኳሩ፣ ጨው፣ ጋዙ፣ የልጁ ደብተር ግን ዓመቱን ሙሉ ይፈለጋል። ስለዚህ ባለሱቁ ደብተር አለው። በደብተሩ ላይ ማን ምን እንደወሰደ፣ ማን ቤት እንግዳ እንደመጣ፣ ማን ስኳር እንዳበዛ፣ ማን ደግሞ ከወትሮው እንደቀነሰ ተጽፏል። ከዚህ የበለጠ የደንበኛ መረጃ የት ይገኛል?

ልዩነቱ ግን ይህ ነው። ደብተሩ ባንኮኒው ላይ ነው። ገበሬው «እስቲ የኔን ገጽ አሳየኝ» ይላል፤ ማንበብ ባይችል ልጁን ይዞ ይመጣል። ስህተት ካለ ይጨቃጨቃሉ፤ ሽማግሌ ይገባል። ሲከፍል መስመሩ ይሰረዛል፤ በዓይኑ እያየ ይሰረዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕውቀቱ የሁለቱም ነው። ባለሱቁ የገበሬውን ጓዳ እንደሚያውቅ ገበሬውም የባለሱቁን ጓዳ ያውቃል። ከየት እንደመጣ፣ ሚዛኑ እንዴት እንደሆነ፣ ስኳሩን በስንት እንዳስመጣው፣ ልጁ የማንን ልጅ እንዳገባ። ባለሱቁ ያወቀውን ለክፉ ቢያውለው በማግስቱ ዕድር ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እኔ የነበርኩበት ሱቅ ከዚያች ሴት ጋር በምን ዕድር ይገናኛል? እሷ ስለ እኛ የምታውቀው የሱቁን ስምና የጻፍንላትን ብቻ ነው። እኛ የምናውቀውን ተናግሬዋለሁ።

«ገበያ ላይስ ነጋዴ ጫማህን አይቶ ዋጋ አይጠራብህም?» ይሉኛል ደግሞ። ይጠራብኛል! በአባ ጅፋር ዘመን በነበረው የሒርማታ ገበያም ሳይጠሩ አልቀሩም። ግን ጫማዬን ሲያየው እኔም ሲያየኝ አየዋለሁ። ጥዬ እሄዳለሁ፤ ይጠራኛል። ከጎኑ ያለችውን ነጋዴ እጠይቃለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው በስንት እንደገዛ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ክርክሩ በአደባባይ ነው፤ ምስክር አለው። በኢንተርኔት ሱቅ ግን እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ወደተሠራለት ጨለማ ክፍል ይገባል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) አማዞን ለአንድ ዓይነት ዲቪዲ ለተለያዩ ሰዎች የተለያየ ዋጋ ሲጠይቅ የተገኘው ደንበኞች እርስ በርሳቸው ስለተነጋገሩ ብቻ ነው፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ገንዘብ መለሰ። በ2012 ደግሞ ኦርቢትዝ የተባለው የጉዞ ድርጅት በአፕል ኮምፒዩተር ለሚገቡ ሰዎች ውድ ውድ ሆቴሎችን እንደሚያስቀድምላቸው ታወቀ። ኮምፒዩተሩ ጫማ ሆነ ማለት ነው። ከሩቅ አገር ወሬ ምን አስፈለገኝ? እዚሁ አዲስ አበባ በቴሌግራም ጫማ የሚሸጡ ነጋዴዎቻችን «ዋጋ?» ብለህ ስትጠይቃቸው «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚሉህ ለምን ይመስልሃል? ስምህን፣ ፎቶህንና የስልክ ቁጥርህን አይተው ዋጋውን ሊነግሩህ አይደለም ብሎ የሚምል ካለ ይምጣ።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ ኩባንያ ወጣት መሐንዲስ «ኩኪ» የሚባለውን ትንሽ የጽሑፍ ቁራጭ ሲፈጥር፣ ሱቁ ደንበኛው ዘንቢል ውስጥ የጨመረውን እንዲያስታውስ ነበር ፍላጎቱ። ያለዚያ ገጽ በቀየርክ ቁጥር ሱቁ እንደ አዲስ ሰው ያይሃል። ቅን መፍትሔ ነው፤ መረጃው የሚቀመጠውም በደንበኛው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ጥቂት ሳይቆይ ግን የማስታወቂያ ድርጅቶች አንድ ብልሃት አገኙ። አንድ ድርጅት ማስታወቂያውን በሺህ ድረ ገጾች ላይ ከለጠፈ፣ ያው አንዱ ኩኪ በሺህ ገጾች ላይ ያንኑ ሰው ሊያውቀው ይችላል። የሱቅህ ደብተር ከሱቅህ ወጥቶ ከተማ ለከተማ ይከተልህ ጀመር። ዛሬ ፌስቡክ ለነጋዴዎች የሚሰጠው «ፒክስል» የሚሠራው በዚሁ መንፈስ ነው። በሱቅህ ገጽ ላይ የማትታይ ቁራጭ ታስቀምጣለህ፤ እሷም ማን መጣ፣ ምን አየ እያለች ለባለቤቷ ትነግራለች።

እዚህ ላይ ትንንሾቹ ነጋዴዎቻችን ልብ ያላሉት ቂልነት አለ። «እኛ ትንሽ ነን፤ ያለዚህ መሣሪያ ከትላልቆቹ ጋር መወዳደር አንችልም» ይሉኛል። ወንድሞቼ፣ መሣሪያው የማን ነው? የገዛ ደንበኞቻችሁን ዝርዝር ለአንድ የካሊፎርኒያ ኩባንያ በነፃ ታስረክባላችሁ፤ ከዚያ እነዚያኑ ደንበኞች ለማግኘት በማስታወቂያ መልክ መልሳችሁ ትከራዩአቸዋላችሁ፤ ያውም ባንክ ደጅ ተጠንቶ በሚገኝ ዶላር! ያቺ የጅማ ልጅ ነጠላ ፈልጋ እንደነበር ያወቅነው እኛ ብቻ ብንሆን ኖሮ ፌስቡክ ስትከፍት ጥቁር ጥለት ባልጠበቃት ነበር። ነገሩን ከእኛ ተቀብሎ መልሶ ያሳያት ማን ሆነና?

አሁን ወደ የቡ ልመለስ፤ ለምን እንዳነሣኋት አልተናገርኩምና።

የሱቁ ባለቤት ከየቡ አካባቢ ቡና እያስመጣ ይሸጣል። «ሰው ቡና አይገዛም፤ ታሪክ ነው የሚገዛው» የሚል ሌላ መፈክርም አለው። ስለዚህ የገበሬውን ታሪክና ፎቶ ይዤ እንድመጣ ላከኝ። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ እሸቱ ቀልቷል፤ በየደጁ አልጋ ላይ ቡና ተሰጥቷል። ያረፍኩባቸው ሽማግሌ ከአንድ ሄክታር የማትበልጥ ማሳ ያላቸው፣ በጥላ ዛፍ ሥር ቡና ሲለቅሙ ያረጁ ሰው ናቸው። ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ያጫውቱኛል። አቦሉ ቀርቦ ሳለ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«አባባ፣ ቡናዎን የሚገዙ ሰዎች ስለ እርስዎ እንዲያውቁ ልጽፍ ነው» አልኳቸው።

«ደግሞ? ባለፈውም ልጆች መጥተው ስልክ ይዘው ማሳዬን በእግራቸው ዞሩት። ፈረንጁ ቦታውን ካላወቀ አይገዛም አሉን።»

የሚሉት የአውሮፓን የደን ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115 መሠረት ቡና ወደ አባል አገሮቹ የሚያስገባ ነጋዴ ቡናው የበቀለበትን መሬት በኬንትሮስና በኬክሮስ ማመልከት አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያ ድንበሩ ይሰፈራል፤ ከዚያ በታች የሆነው አንድ ነጥብ ይበቃዋል። ነጥቧ ግን ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ሊኖራት ይገባል። ስድስተኛው አኃዝ ምን ያህል እንደሚያጠራ ሳሰላው 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰ! ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በ2024 ይሆናል ተብሎ ወደ 2025፣ ከዚያም ወደ 2026 መጨረሻ ተገፍቷል፤ ልኬታው ግን ቀጥሏል። ዓላማውን አልነቅፍም። ከታኅሣሥ 2020 ወዲህ ደን ተመንጥሮ የበቀለ ቡና አንጠጣም ማለት ደግ ነው፤ የበለጠ ጌራ ደን እንዲተርፍ የማይሻ የጅማ ሰው ካለ አላውቀውም። እኔ የምለው ሌላ ነው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ሽማግሌው፣ «እነሱ እኔን ካወቁኝ እኔስ እነሱን አላውቃቸውም እንዴ? ማነው የሚጠጣው? ስንትስ ይከፍላል?»

ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ የሱቁን መቆጣጠሪያ ገጽ ይከፍታል። የእሳቸውን ቡና ማን እንደገዛ በስም፣ በከተማ፣ በሰዓት ላነብላቸው እችላለሁ። ማን ሦስት ጊዜ አይቶ እንደተወው እንኳ አውቃለሁ። የሰው ስም ማንበቡ ነውር መሰለኝና ዋጋውን ብቻ ነገርኳቸው፤ ለ340 ግራም ከረጢት 18 ዶላር። «ለኪሎ?» አሉኝ። ከ50 ዶላር በላይ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይለቀማል፤ ሲቆላም ከክብደቱ ይቀንሳል። ይህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። በጣቶቻቸው ትንሽ ሲያሰሉ ቆዩና ወደ ጓዳ ዞረው ቶናው እንዲቀርብ ተናገሩ። ሌላ አላሉም።

በዚያች ሰዓት ነው የዚህን ንግድ ቅርጽ ቁልጭ አድርጌ ያየሁት። በአንዱ ጫፍ ገበሬው በስድስት አኃዝ ተለክቷል። በሌላው ጫፍ ጠጪዋ በኩኪና በፒክስል ተለክታለች። መካከል ላይ ያለው ግን — ሰብሳቢው፣ አቅራቢው፣ ላኪው፣ አስመጪው፣ ቆዪው፣ የኢንተርኔት ሱቁ — ማንም አይለካውም። ገበሬውም ጠጪዋም ሊያዩት የማይችሉት ክፍል እሱ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም የሚያየው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። «የመረጃ ዘመን» ሲሉን የሚፈስሰው መረጃ ሁልጊዜ ወደ መካከል ለምን ብቻ ይፈስሳል?

ፍትሕ ላጉድል አልፈልግም፤ የዱካ ነገር ገበሬውን የጠቀመበት ጊዜም አለ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በምርት ገበያ በኩል ብቻ እንዲሸጥ ሲደረግ የአንዱ ቀበሌ ከሌላው ጋር በደረጃ እየተደባለቀ ቡናው የማን እንደሆነ ይጠፋ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051 በሩን እስኪከፍተው ድረስ ከዚህ ያመለጡት በማኅበራት በኩል የሚሸጡት ነበሩ። በአጋሮ በኩል ያለው የዱሮሚና ማኅበር በ2012 (እ.ኤ.አ.) በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጥቶ ስሙ በውጭ ከረጢቶች ላይ የተጻፈው ዱካው ስላልጠፋ ነው። «ጅማ 5» እየተባለ በርካሽ የሚታወቅ አገር ስም አገኘ። ስለዚህ ዱካን በጅምላ አላወግዝም። ዱሮሚና ዱካውን የተወው ስሙ እንዲታወቅለትና ዋጋ እንዲያገኝበት ነው፤ ማወቁም ነበረበት። የየቡው ሽማግሌ ነጥብና የዋሽንግተኗ ሴት ሰኮንዶች ግን ለማን ጥቅም እንደተወሰዱ ባለቤቶቻቸው አልተነገራቸውም።

አውሮፓ ለራሷ ሰዎች ይህን ተረድታለች። በ2018 ሥራ ላይ በዋለው የመረጃ ጥበቃ ሕጓ ላይ ፍርድ ቤቷ በ2019 አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ፈቃድ አይባልም ብሎ በየነ። የፈረንሳዩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደግሞ «እሺ» የሚለው በአንድ ጠቅታ ሆኖ «እምቢ» የሚለው በብዙ ጠቅታ በመሆኑ ብቻ በጥር 2022 ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። የበርሊኗ ጠጪ እንግዲህ «እምቢ» የምትልበት ቁልፍ አላት። የየቡው ገበሬ ምን ቁልፍ አለው? እምቢ ቢል ቡናው አይሸጥም።

እኛስ? ሕግ የለንም የሚል ካለ ተሳስቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያከብራል፤ ደብዳቤም ሆነ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ በፈቃዱና ለተነገረው ዓላማ እንዲሰበሰብ ይላል፤ ተቆጣጣሪውም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እኔ በነበርኩበት ሱቅ ውስጥ ይህን አዋጅ ከእኔ በቀር ያነበበው አልነበረም፤ እኔም ያነበብኩት ሴትዮዋ ከጻፈችልኝ በኋላ ነው።

የምጠይቀው ሰማይ የሚያህል አይደለም። ሱቁ ስለ እኔ ምን እንደሚመዘግብ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ሽማግሌው የሚሰሟት ልጅ በምታነበው ቋንቋ ይጻፍልኝ። «እምቢ» የሚለው ቁልፍ «እሺ» ከሚለው ጋር እኩል ይሁን። ደብተሩ ከሱቁ አይውጣ፤ ገጼን አሳዩኝ ስል ይታየኝ፤ ሰርዙልኝ ስል ይሰረዝልኝ። ያልገዛሁትን ነገር እንዳልገዛሁት ተዉልኝ፤ ሰው ያየውን ሁሉ ሊገዛ አይመጣም፤ አንዳንዱን ፈርቶ ያየዋል። የገዛሁትን ማወቃችሁ ይበቃችኋል፤ ነጋዴ ለዘመናት በዚያ ብቻ ሀብታም ሆኗል።

ይህንን ለሱቁ ባለቤት በጽሑፍ ሰጠሁት። አንብቦ «ጥሩ ነው፤ ግን ሽያጭ ይቀንሳል» አለኝ። በዚያው ሰሞን የሽማግሌውን ፎቶ ድረ ገጹ ላይ አወጣው። ሁለት ፎቶ ነበር ያነሣሁት። አንዱ ላይ ፈገግ ብለዋል፤ ሌላው ላይ ያን ዋጋ ሲያሰሉ ነው፤ ኮስተር ብለዋል። ማሽኑ ለግማሹ ጎብኚ አንዱን፣ ለሌላው ግማሽ ሌላውን ሲያሳይ ሰንብቶ ፈገግታው የበለጠ እንደሚሸጥ አረጋገጠ፤ ኮስተር ያሉት ወረዱ።

ከመልቀቄ በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር ለመንኩት። ከፎቶው ሥር፣ ከ18 ዶላሩ አጠገብ፣ ለገበሬው ስንት እንደተከፈለ አንድ መስመር እንጨምር አልኩት። አሰበበት፤ አልተቆጣም።

«እስቲ» አለኝ፣ «በግማሹ ጎብኚ ላይ እንሞክረው።»

እስከ ለቀቅሁበት ቀን አልተሞከረም።